ዳሽቦርዱ ላይ የለጠፍኳት ፕላስተር

መኪናዬ ዳሽቦርድ ላይ አንዲት የቁስል ፕላስተር አለች። መኪናዋ ቆስላ አይደለም። ፕላስተሯ ሥር ቀይ መብራት አለ። ከጥቂት ወራት በፊት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ጠዋት ይበራል፣ ረፋዱ ላይ ይጠፋል። ሜዳ ላይ ይጠፋል፣ ቁልቁለት ላይ ይበራል። ማታ ማታ ደግሞ ዓይኔን ይወጋኛል። አንድ ቀን ከመድኃኒት ቤት ስመለስ ኪሴ ውስጥ ፕላስተር ነበረች። ለጠፍኳትና ተገላገልኩ።

ይህን የምጽፍላችሁ ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ ማሽከርከር አስተምራለሁ። መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ልጆች። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። ስለዚህ አላውቅም ነበር የምልበት አፍ የለኝም።

ፕላስተሯን ያየብኝ የእህቴ ልጅ ነው። ባቡር ነጂ ነው። ዕረፍት ወጥቶ መጥቶ ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደብረ ሲና ይዤው ልሄድ ተነሳን። እናቴ እዚያ ናት። ከኋላ ወንበር ላይ ስኳር፣ ዘይትና ቡና ጭነናል። ቀበቶውን አሰረ፣ ቁልፉን ሳዞር ዳሽቦርዱን አፍጥጦ አየ።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«መብራት ናት።»

«የምን መብራት?»

«የፍሬን።»

ትንሽ ዝም አለ። «ለማን ተናገሩ?»

ጥያቄው አሳቀኝ። ለማን እናገራለሁ? መኪናዋ የኔ፣ ነጂው እኔ፣ ለጋራዥ የምከፍለው እኔ። እሱ ግን አልሳቀም። ከልቡ ነው የጠየቀው። ያቺ «ለማን ተናገሩ» የምትል ነገር እስከ ጣርማበር ድረስ ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

እናቴ የልጅ ልጇ ምን እንደሚሠራ እስካሁን በደንብ አልገባትም። እሷ ባቡር የምትለው ወፍጮውን ነው። ልጆች ሆነን «ባቡር ሂድ» ከተባልን ገብሱን ተሸክመን ወፍጮ ቤት ነው። ሐዲድ ላይ የሚሄደው ለእሷ «የምድር ባቡር» ነው፣ እሱንም በዓይኗ አይታው አታውቅም። ልጁ ሥራ የያዘ ጊዜ «ባቡር ላይ ተቀጠረ» ብለን ብንነግራት «ታዲያ ዱቄቱ እንዳይጎዳው አፉን ይሸፈን» አለች። አይፈረድባትም። በኛ በኩል ባቡር የት ይታያል? ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የሚሄደው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር ቆላውን ይዞ ነው የሚያልፈው። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሐዲዱ ላይ ያየሁት ፍየል ነው።

ከከተማ እንደወጣን ሜዳው ተዘረጋ። ገብስ፣ ባቄላ፣ ባሕር ዛፍ፣ በግ። መንገዱ ሲያሰለች ወሬ ያምራል። «እሺ፣ አንተ ጋ መብራት ሲበራስ?» አልኩት።

«መጀመሪያ ሳልነሳ መብራቱ ራሱ የሚሠራ መሆኑን አያለሁ» አለ። «ያልበራ መብራት ደህና ነው ማለት አይደለም። አምፖሉ ሞቶ ሊሆን ይችላል።»

ይህን እኔም ለተማሪዎቼ እነግራለሁ። ቁልፍ ስታዞሩ ሁሉም መብራት መብራት አለበት፣ ከዚያ ነው የሚጠፋው። እነግራቸዋለሁ፤ ፕላስተር ግን አለኝ።

«መንገድ ላይ ሲበራስ?»

«የት ነኝ ብዬ አስባለሁ። ምን ተበላሸ ከማለት በፊት የት ነኝ።»

ነገሩን ሲያብራራልኝ ገባኝ። መኪና ዳር ይይዛል። ባቡር ዳር የለውም። መሪም የለውም። በቆመበት መስመሩን ዘግቶ ነው የሚቆመው። ስለዚህ መቆም ጥሩ ቢሆንም የትም መቆም ጥሩ አይደለም። ጭስ ቢሸተው ዋሻ ውስጥ ላለመቆም ይሞክራል። ድልድይ ላይም እንዲሁ፤ ሰው ልውረድ ቢል የት ይረግጣል? ቁልቁለት ላይ ከቆመ ደግሞ የሚይዘው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ከባድ የጭነት ባቡር ፍሬን ተይዞም ከኪሎ ሜትር በላይ ሊንሸራተት ይችላል። ብረት በብረት ላይ ነው። ስለዚህ «እዚህ ልቁም» የሚለውን ውሳኔ የሚወስነው እዚያ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

ከዚያ ይናገራል። መገናኛውን አንስቶ የባቡሮቹን እንቅስቃሴ ከማዕከል ለሚመራው ለዲስፓቸሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ወደድኩለት። የሚናገረው ያየውን እንጂ የጠረጠረውን አይደለም። «አየር የሚያምቀው ኮምፕረሰር ተበላሸ» አይልም። «የአየር ግፊቱ ከዚህ ወደዚህ ወርዷል፣ አልመለስ ብሏል» ይላል። የባቡሩን ቁጥር፣ ያለበትን ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ዲስፓቸሩ የሚለውን ይጽፋል፣ የጻፈውን መልሶ ያነብለታል፣ «ልክ ነው» እስኪባል እጁን አያንቀሳቅስም። ሐዲድ ዳር ያለው ቁም የሚል መብራት ተበላሽቶ ቀይ ሆኖ ቢቀር እንኳ፣ መበላሸቱን እያወቀ፣ በራሱ ሥልጣን አያልፈውም። ፈቃዱ ተነግሮት፣ ጽፎት፣ መልሶ አንብቦት፣ ያኔም ዓይኑ በሚያየው ርቀት ውስጥ ማቆም በሚችልበት ፍጥነት ብቻ።

እኛ ጋራዥ ስንሄድ እንዴት ነን? «ፍሬኑ አየር ይዟል፣ አውጣልኝ» እንላለን። መካኒኩም አየሩን ያወጣል፣ ብሩን ይቀበላል። ፍሬኑ ግን ያው ነው።

«እሺ ከተናገርክ በኋላ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ?»

«አይ፣ እሞክራለሁ። ግን ለመሞከርም ሰዓት አለው።» የተወሰነ ደቂቃ ይሰጠዋል። በዚያ ውስጥ መጽሐፉ የሚለውን በቅደም ተከተል ይሞክራል። ካልሆነ ሌላ ሎኮሞቲቭ፣ ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ባለ ሞተሩ ማለት ነው፣ መጥቶ እንዲጎትተው ይጠይቃል። እልህ መጋባት የለም። የኛ ሹፌር ከሆነ መኪናው ሥር ገብቶ እስከ ማታ ይታገላል፤ ሲወጣም ዘይት በዘይት ሆኖ፣ ያላላውን ቡሎን የት እንዳስቀመጠው ጠፍቶት ነው።

አንድ ቃል ደጋግሞ ሲጠቀም ሰማሁት። መነጠል። የተበላሸውን ነጥሎ በቀረው መሄድ። ለምሳሌ ሎኮሞቲቩ ስድስት ሞተር ካለው አንዱን ነጥሎ በአምስቱ ይሄዳል። እኔ ይህን ስሰማ «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ አምስት ቀረው አይደል» አልኩ። እሱ ግን ሌላ ሒሳብ ይዟል። አምስቱ ያንን ጭነት ያንን ዳገት ያወጡታል ወይ? ካላወጡት ዳገቱ ሥር ጣቢያ ላይ መቆም ይሻላል። ዳገቱ መሃል ከቆመ አንድ ችግር የነበረው ሁለት ይሆናል።

የፍሬኑ ነገር ደግሞ እኔን እንደ ሹፌር በጣም ያዘኝ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

የባቡር ፍሬን በአየር ነው። ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ አንድ ቧንቧ ይዘረጋል። ውስጡ ብዙ ጊዜ ግፊቱ 5 ባር አካባቢ የሆነ አየር አለ። ሞኝ ሰው አየር ሲገባ ፍሬን ይይዛል ይላል። ተቃራኒው ነው። አየሩ ሲጎድል ነው የሚይዘው። በየፉርጎው ሥር የራሱ ጋን አለ፤ የዋናው ቧንቧ ግፊት ሲወርድ ጋኑ ያጠራቀመውን አየር ወደ ፍሬኑ ይልካል። ስለዚህ ቧንቧው ቢበጠስ፣ ፉርጎ ቢላቀቅ፣ ባቡሩ ራሱን ይይዛል። ይህን በፈረንጆቹ 1872 ያመጣው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። የዛሬ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ሐሳቡን ያውቀዋል። አየር ሲያልቅ የኋላ ጎማ ይታሰራል፣ ከቦታው ንቅንቅ የለም።

አሁን የአንዱ ፉርጎ ፍሬን ነክሶ ቀረ እንበል። ጎማው ይግላል፣ ይሸታል፣ ማታ ከሆነ ፍም ይተፋል። ነጂው ወይም ረዳቱ ይወርዳል። ባቡሩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ጠጠሩን እየረገጠ፣ ባትሪ ይዞ፣ ፉርጎ በፉርጎ እየዳሰሰ ይሄዳል። ያገኘዋል። የዚያን ፉርጎ ቫልቭ ይዘጋል፣ የታመቀውን አየር ያስተነፍሳል፣ ጎማው ይለቃል። መፍትሔ አገኘ አይደል? እኔ ብሆን እዚያው እነሳለሁ።

እሱ ግን እንደገና ይቆጥራል። ስንት ፉርጎ ነበረኝ፣ ስንቱ ፍሬን አለው፣ ክብደቴ ስንት ነው፣ የቀረኝ ፍሬን ስንት በመቶ ነው። መቶኛው ከወረደ የሚፈቀድለት ፍጥነት አብሮ ይወርዳል። ከ40 አንዱ ቢነጠል ብዙ ላይሆን ይችላል። የተነጠለው የመጨረሻው ፉርጎ ከሆነ ግን ነገር ተበላሸ። ለምን? ዳገት ላይ ከፊቱ ካለው ጋር የሚያገናኘው መያዣ ቢበጠስ ያ ፉርጎ ብቻውን ወደ ኋላ ይንደረደራላ። የሚይዘው የለም። ስለዚህ በብዙ አገር ደንብ የመጨረሻው ፉርጎ ፍሬን የሌለው እንዲሆን አይፈቀድም።

«እና ያ ሁሉ ሒሳብ በማን ጭንቅላት ነው?» አልኩት።

«በወረቀት ነው፣ ጋሼ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጭንቅላት አይሆንም።»

ሌሎችም አሉ፣ በችኮላ ልለፋቸው። ነጂው ንቁ መሆኑን የሚጠይቅ ፔዳል አለ። በየጊዜው ካልረገጠው ይጮኻል፣ ዝም ካለ ባቡሩን ያቆመዋል። ያ ከተበላሸ ብቻውን አይነዳም፣ ሁለተኛ ሰው አጠገቡ መኖር አለበት። በኛ ቤት ይህን ሥራ የሚሠራው ጫት የያዘ ረዳት ነው። ጡሩምባው ካልሠራ ደግሞ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሐዲድ ዳር ግመል አለ፣ እረኛ አለ። የኛ ሰው ክላክስ ከሚያጣ ፍሬን ቢያጣ ይመርጣል መሰለኝ።

የፍጥነት ገደብን ነገር ግን በችኮላ አላልፈውም። ሐዲድ በሙቀት ይለጠጣል፣ ሊጎብጥም ይችላል። ጎርፍ ከሥሩ አፈር ይወስዳል። ሠራተኛ የሚጠግንበት ቦታ ይኖራል። ነጂው ከመነሳቱ በፊት ከዚህ ኪሎ ሜትር እስከዚህ ኪሎ ሜትር በዚህ ፍጥነት የሚል ወረቀት ይቀበላል። ገደቡ አለቀ የሚል ሰሌዳ ሲያይ ግን አይለቀውም። እሱ ሰሌዳውን አለፈ እንጂ ጅራቱ ገና አላለፈም። የመጨረሻው ፉርጎ ያንን ደካማ ቦታ እስኪሻገር በዚያው ፍጥነት ይጎተታል። ተሳቢ እየጎተትኩ ስንት ጉድጓድ ላይ ጎማ እንዳፈነዳሁ ትዝ አለኝ። ካቢናዬ ካለፈ ያለፍኩ ይመስለኝ ነበር።

ገደብ ሲጣስ ምን እንደሚመጣ እኛ አገር ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. ጥር ወር አዋሽ አጠገብ፣ ድልድይ ያለበት ኩርባ ላይ፣ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ለኩርባው የሚገባውን ያህል አልቀነሰም ነበር። የዚያን ዓመት ሰው በረሃቡ እያለቀ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ሬዲዮ የሰሙ ትልልቅ ሰዎች እንኳ ሲያወሩት አልሰማም።

የእህቴ ልጅ ግን በብዛት የሚያነሳው የሌላ አገር አደጋ ነው። ፓሪስ ውስጥ ጋር ደ ሊዮን የሚባል ጣቢያ አለ። የኛ ለገሃር የመጣበት ያው «ጋር» ነው። በፈረንጆቹ 1988 ጁን 27 ቀን ማምሻውን አንድ የመንገደኞች ባቡር ወደዚያ ሲሄድ አንዲት ሴት ባቡሩን የሚያስቆመውን የአደጋ ጊዜ እጀታ ሳበች። ባቡሩ ያን ቀን እሷ ሰፈር አይቆምም ነበር። ቆመ፣ ወረደች፣ ሄደች። ነጂው ፍሬኑን ለመልቀቅ ወደ ኋላ ሄዶ ከእጀታው ጋር ሲታገል ሳያውቀው የዋናውን የአየር ቧንቧ ቫልቭ ዘጋው። ከዚያ ቫልቭ ወዲያ ያሉት ፉርጎዎች ከእሱ ተለዩ። አየር ስለማይደርሳቸው እንደያዙ ቀሩ።

እሱ የመሰለው ሌላ ነው። አየር ታምቆ እንቢ አለኝ ብሎ አሰበ። ከባቡሩ አስተናባሪ ጋር ሆኖ በየፉርጎው እየዞረ ፍሬኑን አስተነፈሰው። ባቡሩ ተለቀቀ። ደስ አለው። 26 ደቂቃ ዘግይቷል፣ ሰዓቱን እንዲያካክስ ቀጣዩን ጣቢያ ሳይቆም እንዲያልፍ ተነገረው። ቆሞ ቢሆን ኖሮ ቀደም ብሎ ያውቀው ነበር። ወደ ፓሪስ ግን ቁልቁለት ነው። ፍሬን ሲይዝ ከፊት ካለው በቀር የሚይዝ የለም። በሬዲዮ የአደጋ ጥሪ አሰማ፣ ማን እንደሆነ ግን ሳይናገር። ተቆጣጣሪዎቹ የትኛው ባቡር እንደሆነ መለየት አቃታቸው። ጣቢያው ውስጥ ሰው ሞልቶ የቆመ ሌላ ባቡር ነበር። 56 ሰው ሞተ። የቆመው ባቡር ነጂ መንደርደሩን እያየ በድምፅ ማጉያው «ውረዱ፣ ውረዱ» እያለ እቦታው ላይ ቀረ። እሱም ከሞቱት ነው።

«ያ ሰው ሰነፍ አልነበረም» አለኝ የእህቴ ልጅ። «ሥራ የሚችል ሰው ነው። እየሠራ ነው የተሳሳተው። ፍሬኑ ሲለቅለት ተስተካከለ ብሎ አመነ። ለቀቀ እንጂ እስከ መጨረሻው ይይዛል ወይ ብሎ አልፈተሸም።»

ይህን ሲያወራ አባቴ ትዝ አለኝ።

የኛ ቤት ታሪክ አለ። በበዓል ሁሉ ይወራል። እኔ ገና የአባቴ ረዳት ነበርኩ። ስሚንቶ ጭነን ወደ ደሴ። ጣርማበር ዋሻውን እንደወጣን ፍሬኑ ይደክም ጀመር። ጣርማበርን የማያውቅ ካለ፣ ጣሊያን የቆፈረው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወርዶ ወርዶ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ያደርሳል። በአንድ ጊዜ ከብርድ ወደ ሙቀት። የፍሬን ሸራ ሲግል ያለው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። እኔ ታኮ ይዤ በሩን ከፍቼ ተንጠልጥያለሁ። አባቴ ማርሹን እያወረደ፣ መጨረሻ ላይ መኪናውን ወደ ተራራው በኩል አስጠግቶ በጎኑ እያስፋቀ አቆመው። ሰው አልተነካም። ቀለሙ ብቻ ተላጠ። «ወንድ ማለት እሱ ነው» ይባላል። እኔም ብዬዋለሁ፣ ስንት ጊዜ።

የእህቴ ልጅ ይህን ታሪክ ሰምቶ ነው ያደገው። ሾፌርነት ያማረውም በዚያ ይመስለኛል። እንደገና ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፦

«አያቴ ግን ደብረ ብርሃን ላይ እያለ ያውቅ ነበር?»

በዚህ ሁሉ ዓመት ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።

«ያውቅ ነበር» አልኩት። ፔዳሉ ወደ ታች እየሰመጠ መሆኑን ደብረ ብርሃን ምሳ ስንበላ ነግሮኛል። መካኒክ አይቶት «ዕቃው ከአዲስ አበባ ይምጣ፣ ነገ ሂዱ» ብሏል። አባቴ «እስከ ደሴ አታጣንም» አለ።

«እርስዎስ?»

«እኔም አውቅ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ ሳንነጋገር ሄድን። ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ሣር እየነጩ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን አቁመን ፎቶ እናነሳ ነበር።

አባቴን ግን መውቀስ አልችልም። ለማን ይናገር? ባለንብረቱ ጭነቱን ዛሬ ይፈልጋል። ክፍያው በምልልስ ነው፣ የቆመ ቀን እንጀራ የለውም። የሚያቆም ሹፌር ፈሪ ይባላል፣ ሁለተኛ ጭነት አይሰጠውም። ባቡር ነጂው የሚበልጠን በዕውቀት ብቻ አይደለም። «አልሄድም» የሚልበት ወረቀት አለው። የጻፈው ብልሽት መዝገብ ላይ ይገባል፣ የሚቀጥለው ነጂ ያነበዋል፣ የሚጠግን ሰው ይፈርምበታል። ብልሽቱ የእሱ ብቻ አይደለም። የአባቴ ግን የአባቴ ብቻ ነበር፣ ቢበዛ የእኔ።

ይህንን ስለው ሳቅ አለ። «እንደሱም አይምሰልዎ። ቆሜ ሳለሁ ስልክ ይደወላል። ምን ደረሰ፣ መቼ ትነሳለህ፣ ከኋላህ ሦስት ባቡር ቆሟል። ጣቴ የሚንቀጠቀጠው በብልሽቱ አይደለም፣ በስልኩ ነው።»

ዋሻው አፍ ልንደርስ ስንል ጉም ተቀበለን። ፕላስተሯን እያየሁ ነበር የምነዳው። ከሥሯ ቀይ ቀይ ይላል። በጠርዟ በኩል ይፈሳል።

ዳር ያዝኩ። እኔ ዳር አለኝና።

ኮፈኑን ከፈትን። የፍሬን ዘይቱ ከዝቅተኛው መስመር በታች ነው። ተንበርክኮ ጎማዎቹን በውስጥ በኩል ዳሰሰ። የግራው የኋላ እርጥብ ነው። ጣቱን አሸተተ፣ ለኔም አሳየኝ። የፍሬን ዘይት ነው።

«ሞተር ፍሬን አለ» አልኩ። «የእጅ ፍሬንም ይሠራል። በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለን ብንወርድ ደብረ ሲና እኮ እዚችው ናት።»

«ጋሼ፣ ከ40 ፉርጎ አንዱን ነጥዬ እሄዳለሁ። እርስዎ ያለዎት አንድ ነው። ምኑን ነጥለው ሊሄዱ ነው?»

ምን እላለሁ? እኔ ተማሪ ብሆን ኖሮ ይህን የመለሰልኝን አስተማሪ እወደው ነበር። አስተማሪው ግን እኔ ነኝ።

መኪናዋን እዚያው አቆምናት። ጎማዋን በድንጋይ ደገፍን። መንገድ ዳር የሱፍ ኮፍያ የሚሸጥ ልጅ እንዲያይልን ተስማማን። ደብረ ብርሃን ላለ መካኒክ ደወልኩ፤ ያየሁትን ብቻ ነገርኩት፣ የጠረጠርኩትን ተውኩ። ደግመህ አንብብልኝ ልለው ምንም አልቀረኝ። የጉተታው ዋጋ ስንት እንደሆነ ግን እዚህ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ታነበዋለች።

ስኳሩንና ዘይቱን ይዘን መንገድ ዳር ቆምን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሁለት ሚኒባስ ሞልቶ አለፈን። ሦስተኛው ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ!» አለ። ተማሪዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚችው እጄ ነው መንጃ ፈቃድ ያወጣው።

«ምነው፣ መኪናዎ ምን ሆነች?»

«ተነጥላ ነው» አልኩት።

የእህቴ ልጅ ከኋላዬ ፈነዳ። ተማሪዬ ምንም አልገባውም። ሞተሩን አጥፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ወረደና ዕቃችንን ጣራው ላይ ጫነው። እኔን ጋቢና አስቀመጠኝ። የእህቴ ልጅ ከኋላዬ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተሸጎጠ።

ተማሪዬ ገብቶ ቁልፉን ያዘ። ወደ ዳሽቦርዱ ጎንበስ አልኩ። ከኋላ የእህቴ ልጅም በትከሻዬ ላይ አንገቱን ሲያሰግግ ትንፋሹ ተሰማኝ። ቁልፉ ዞረ። ሁሉም መብራቶች በሩ። የዘይት፣ የባትሪ፣ የሙቀት፣ የፍሬን። ሞተሩ ተነሳ፣ አንድ በአንድ ጠፉ። ቀዩ ብቻ ቀረ።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ተማሪዬ እያፈራረቀ እያየን።

«ምንም። የእጅ ፍሬኑን ልቀቀው» አልኩት።

ለቀቀው። ቀዩም ጠፋ። ዋሻው ውስጥ ገባን።